ፕሮግራም ሳይቆም ስለ ማረምና ስለ ሥራ ፍጥነት የሚባለው ሲመረመር

የድረ ገጽ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ዘወትር የሚያማርሩት ስለ መጠበቅ ነው። አንድ መሥመር ኮድ ለወጡ እንበል፤ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን ኮምፓይል ማድረግ፣ ሰርቨሩን አቁሞ እንደገና ማስነሣት፣ በብራውዘር መግባት፣ ስምና የምስጢር ቃል መስጠት፣ ቅጹንም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መሙላት ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ የሚደረገው ስሕተቱ ወደ ታየበት ወደ አራተኛው ገጽ ተመልሶ ለመድረስ ብቻ ነው። ከዚህ ድካም የተነሣ፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ኮዱን ለውጦ ሥራውን ካለበት ማስቀጠል የሚያስችሉ መሣሪያዎች ተሠርተዋል። ስለ እነዚህም መሣሪያዎች በየጊዜው የሚነገረው አንድ ዐይነት ነው፤ ይኸውም የፕሮግራም ጸሐፊውን የሥራ ውጤት እጅግ ያሳድጋሉ የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን አባባል ነው። አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም፤ ነገር ግን ለመቁጠር የቀለለውን ቈጥሮ ለመቁጠር ያስቸገረውን ስለሚተው፣ ሚዛኑ የጐደለ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመቶች በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ጣቢያ የተሠራው ስሞልቶክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ስሕተት ሲያጋጥም ፕሮግራሙን ባለበት አቁሞ፣ ጕድለት ያለበትን ክፍል አስተካክሎ፣ ከቆመበት ለመቀጠል ያስችል ነበር። ለድረ ገጽ ሥራ ግን ጉዳዩ በሰፊው የተሰማው በጃቫ በኩል ነው። በ2002 የወጣው የጃቫ 1.4 እትም እየሠራ ባለ ፕሮግራም ውስጥ የአንድን ሜተድ የውስጥ ኮድ መለወጥን ፈቀደ፤ አዲስ ሜተድ ወይም አዲስ ፊልድ መጨመርን ግን አልፈቀደም። ይህ ገደብ ብዙዎችን ስላስቸገረ፣ በኢስቶንያ የተቋቋመው ዜሮተርንአራውንድ የተባለ ኩባንያ ገደቡን የሚያሰፋ፣ በኋላ ጄሬብል የተባለውን መሣሪያ አውጥቶ መሸጥ ጀመረ። በብራውዘር በኩልም ፋየርበግ በ2006 ከወጣ ወዲህ የገጽን መልክና ቀለም እያዩ መለወጥ የተለመደ ሆነ።

መሣሪያውን የሚሸጡ ሰዎች የሚያቀርቡት ስሌት ቀላል ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሰርቨሩ ተነሥቶ እስኪዘጋጅ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቁና በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚያስነሡት በመጠይቅ ይጠይቃሉ፤ ያንን በቀን፣ ቀኑን በሳምንት፣ ሳምንቱን በዓመት ያባዛሉ፤ ከዚያም ይህን ያህል የሥራ ሳምንት በከንቱ ጠፋ ይሉናል። መጠይቁ ከሻጭ ስለ ወጣ ብቻ ውሸት ነው ማለት አይገባም። ችግሩ ማባዛቱ ላይ ነው። ስሌቱ የተጠበቀው ደቂቃ ሁሉ የጠፋ፣ የተረፈውም ደቂቃ ሁሉ የተሠራበት እንደሆነ አድርጎ አስቀድሞ ይወስናል። ሰርቨሩ እስኪነሣ ድረስ ወረቀት ላይ እየሣለ የሚያስበው ሰው በስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ለውጡ ወዲያው ስለሚታይለት አሥር ጊዜ በግምት የሚነካካው ሰው ግን አሥሩም ጊዜ እንደ ሥራ ይቈጠርለታል።

በሌላ በኩል መጠበቅን ማወደስም አይገባም። አንድ ለውጥ ለመሞከር ብዙ ደቂቃ የሚያስጠብቅ ሲሆን፣ ሰው ለውጦቹን አከማችቶ አምስቱን ባንድ ጊዜ ይሞክራል፤ ስሕተቱ ሲጠፋም ሆነ ሌላ ሲመጣ ከአምስቱ የትኛው እንዳደረገው ማወቅ ያዳግተዋል። ይህንን ያልደረሰበት የኮምፒዩተር ተማሪ ያለ አይመስለንም።

ክርክሩ ከእኛ በፊት በሌላ መልክ ተነሥቶ ነበር። በ1968 ሳክማን፣ ኤሪክሰንና ግራንት የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ በማረምና ሥራውን ሰጥቶ መልሱን በመጠበቅ መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። በመጀመሪያው ሙከራ 12 ልምድ ያላቸው ፕሮግራም ጸሐፊዎች ተካፈሉ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ማረም የሰውን የሥራ ሰዓት በመቀነስ ብልጫ አሳየ፤ ዳሩ ግን ተመራማሪዎቹን ያስደነቃቸው ይህ ሳይሆን በሰዎቹ መካከል የታየው ልዩነት ነበረ። ከፍተኛው ልዩነት 28 ለ1 ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ ቍጥሩ ከሙከራው ይልቅ ዝነኛ ሆነ። ሉትስ ፕሬሼልት የተባሉ ጀርመናዊ ምሁር በ1999 መረጃውን እንደገና መርምረው፣ ይህ ቍጥር በተለያየ አሠራር የሠሩትን ሰዎች ቀላቅሎ ፈጣኑን ከዘገምተኛው ጋር የሚያነጻጽር እንጂ ትክክለኛ ንጽጽር እንዳልሆነ አሳይተዋል። እኛን የሚመለከተን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቍጥሩ ከተቀነሰ በኋላም እንኳ በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ባልደረባ «መሣሪያውን ከያዝኩ ወዲህ ፈጥኛለሁ» ማለቱ ስለ መሣሪያው የሚያስረዳን ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ያማረ ቍጥር ከተገኘበት ሁኔታ ተለይቶ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲጠቀስ ኖረ። ዛሬ ስለ ጠፉ የሥራ ሳምንቶች የሚጠቀሱት ቍጥሮችም ከዚህ ዕድል የሚድኑ አይመስለንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የድረ ገጽ ፕሮግራም ኮድ ብቻ አይደለም፤ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ በሜሞሪው ያከማቸው ነገር፣ ማለት የገቡት ሰዎች፣ ተነበው የተቀመጡት መዝገቦች፣ የተቈጠሩት ቍጥሮች ሁሉ ሁኔታው ይባላሉ። ኮዱ ሳይቆም ሲለወጥ የሚለወጠው ኮዱ ብቻ ነው፤ ሁኔታው የአሮጌው ኮድ ሥራ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ከለውጡ በኋላ በዐይናችን የምናየው ፕሮግራም፣ በአዲሱ ኮድ ከመጀመሪያው ቢነሣ ኖሮ የሚገኘው ፕሮግራም ላይሆን ይችላል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረበ አይደለም። ከእኛ መካከል ሁለታችን ለአንድ ቤተ መጻሕፍት የውሰት መዝገብ የሚሆን ፕሮግራም በጃቫ ስንጽፍ፣ በመደርደሪያ ሦስት ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ በገጹ ላይ አራት ተብሎ ይታይ ነበር። ፕሮግራሙን በብሬክፖይንት አቁመን ስንመለከት፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ በሜሞሪ የሚቀመጠው ኦብጀክት ሲፈጠር፣ ኮንስትራክተሩ የጠፋውን ቅጂ ጭምር እንደሚቈጥር አገኘን። ሰርቨሩን ሳናቆም ኮንስትራክተሩን አረምን፤ ገጹን አደስን፤ አሁንም አራት ይላል። ስለዚህ ግምታችን ስሕተት ነው ብለን እርማቱን ሰረዝን። ቀጥለን ገጹን ወደሚያሳየው ሜተድ ሄደን፣ ከቍጥሩ ላይ የጠፋው ቅጂ እንዲቀነስ አደረግን፤ ገጹ ሦስት አለ፤ እኛም ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ሄድን።

አንባቢ እንደሚረዳው የመጀመሪያው እርማት ትክክል ነበረ። የመጽሐፉ ኦብጀክት ግን በአሮጌው ኮንስትራክተር አስቀድሞ ተፈጥሮ በሜሞሪ ተቀምጦ ስለ ነበር፣ አዲሱ ኮንስትራክተር ለእርሱ አልተጠራም። ሁለተኛው እርማት የሠራ የመሰለው ገጹን የሚያሳየው ሜተድ በየጊዜው የሚጠራ ስለ ሆነ ብቻ ነው። ለማዋስ የሚፈቅደው ክፍል ግን ቍጥሩን ከኦብጀክቱ በቀጥታ ስለሚወስድ፣ የሌለውን አራተኛ ቅጂ ለተማሪ መፍቀዱን ቀጠለ። ያ ሰርቨር እንደገና እስኪነሣ የሚወስደው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ያተረፍነው ያንን ነው፤ የከፈልነውን በመጨረሻ እናነሣዋለን።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ጠቅሶ መሣሪያውን ጨርሶ የሚንቅ ሰው ሊኖር ይችላል። እኛ እስከዚህ አንደርስም። ፒኤችፒ የተባለው ቋንቋ፣ በ1995 ለሕዝብ ከወጣ ጀምሮ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ በባዶ ሜሞሪ ጀምሮ መልሱን ከሰጠ በኋላ ሁሉን ይጥላል። ፋይሉን ለውጦ ገጹን ማደስ ብቻ በቂ ነው፤ አሮጌ ሁኔታ በሜሞሪ ስለማይቀር እንደ እኛ ያለ ስሕተት በዚያ መንገድ አይመጣም። ብዙ የተማሩ ሰዎች በሌላ ጉድለቱ ሲነቅፉት እንሰማለን፤ በዚህ ረገድ ግን ከሚነቅፉት ይልቅ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ፍጥነት የሚገኘው ሁልጊዜ ባለማቆም አይደለም፤ ቶሎ አቁሞ ቶሎ ከመጀመርም ይገኛል።

በሌላ ወገን ኤርላንግ አለ። ይህ ቋንቋ በስዊድን በኤሪክሰን ኩባንያ በ1980ዎቹ ዓመቶች ለስልክ ማዞሪያዎች የተሠራ ነው፤ የስልክ ማዞሪያ ደግሞ ስሕተት ለማረም ተብሎ አይዘጋም። ኤርላንግ የአንድን ሞጁል አሮጌና አዲስ እትም ባንድነት ይይዛል፤ ፕሮግራም ጸሐፊውም አሮጌው ሁኔታ ወደ አዲሱ የሚለወጥበትን ሜተድ ራሱ እንዲጽፍ ቦታ ተሰጥቶታል። እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ። ሁኔታው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በግልጽ ተጠይቆ መልሱ በኮድ ይጻፋል። በ2019 ለሪአክት የወጣው ፋስት ሪፍሬሽ የተባለው አሠራርም፣ ለውጡ የሁኔታውን አያያዝ የሚነካ ሲሆን አሮጌውን ሁኔታ ጥሎ ያንን የገጽ ክፍል ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል፤ ይህን ያደረጉት ሰዎች ችግሩን በሚገባ ያወቁ ናቸው።

የመሣሪያዎቹ ደጋፊዎች ብሬት ቪክተር በጃንዋሪ 1ቀን ሳይሆን በዚያው ወር በ2012 በሞንትሪያል ለተማሪዎች ያደረጉትን ንግግር እንደ ዋና ምስክር ያቀርባሉ። በዚያ ንግግር የጨዋታ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ኮዱ ሲለወጥ ውጤቱ ወዲያው ይታያል። ነገር ግን ትዕይንቱን ልብ ብሎ ላየው፣ ተናጋሪው ኮዱን በአሮጌው ሁኔታ ላይ እንዲሁ አልጫኑትም፤ ጊዜውን ወደ ኋላ መልሰው፣ የተጫዋቹ መንገድ ከዚያ ቦታ ጀምሮ በአዲሱ ኮድ እንደገና እንዲሰላ አድርገዋል። ይህ እንደ አዲስ ማስጀመር ነው፤ ፍጥነቱ ብቻ እንዳናስተውለው ያደርገናል። ንግግሩን ለሌላ ነገር ምስክር አድርጎ መጥቀስ ተናጋሪውን መበደል ይመስለናል።

ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን ችሎታ እንደሚወዱት አንጠራጠርም። በ2021 ማይክሮሶፍት ከዶትኔት የትእዛዝ መሥመር መሣሪያ ሆት ሪሎድ የተባለውን ክፍል ሊያወጣ ባሰበ ጊዜ ብርቱ ተቃውሞ ስለ ተነሣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሐሳቡን ለውጧል። መወደዱ ግን ስለ ሥራው ውጤት የሚሰጠን ማስረጃ የለም። የገጽ ቀለም፣ የፊደል መጠን፣ የሣጥን ስፋት ሲስተካከል ሁኔታው አይነካምና መሣሪያው ያለ ቅሬታ ሊመሰገን ይገባል። የረጅም ቅጽ የመጨረሻ ገጽ ሲታረምም ጥቅሙ ግልጽ ነው። ስሕተቱ ያለው ሁኔታው በሚፈጠርበት ቦታ ሲሆን ግን መሣሪያው ከማገዝ ይልቅ ያሳስታል፤ በድረ ገጽ ፕሮግራም ደግሞ ከባዶቹ ስሕተቶች በዚያ በኩል ይበዛሉ።

ስለዚህ ከጓደኞቻችን መካከል በዚህ ጉዳይ ጥናት ለማድረግ የሚያስብ ቢኖር፣ ሰርቨር ሲነሣ የተጠበቀውን ደቂቃ ብቻ እንዳይቈጥር እንለምነዋለን። ሰዓቱ ስሕተቱ ከተነገረበት ጀምሮ፣ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ተነሥቶ እርማቱ እስከ ተረጋገጠበት ድረስ ይያዝ፤ ታርሟል ከተባለ በኋላ ተመልሶ የመጣው ስሕተትም ለብቻው ይቈጠር። የእኛው ስሕተት በዚህ አቆጣጠር ሁለት ሳምንት ያህል ወስዷል፤ ያወቅነውም አንድ ተማሪ የተፈቀደለትን መጽሐፍ ሊወስድ መጥቶ መደርደሪያው ባዶ በሆነበት ቀን ነው። በዚያ ቀን የሰረዝነውን የመጀመሪያውን እርማት መልሰን ጻፍን፤ ሰርቨሩንም አቁመን አስነሣነው።