«የመጨረሻ ስም» የማን ስም ነው? በምሳ ሰዓት ሥልጠናዎች ስለሚሠራባቸው ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

ለመምህራንና ለተመራማሪዎች በምሳ ሰዓት የሚሰጥ አጭር የዲጂታል መሣሪያዎች ሥልጠና ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የታወቀ ነው። ርእሱ ብዙ ጊዜ የዋቢ ጽሑፎች አያያዝ፣ የመረጃ መሰብሰቢያ ቅጽ አዘገጃጀት ወይም የሰነድ አደረጃጀት ነው። ጊዜው ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ሠልጣኙም ከክፍል ወጥቶ ወደ ክፍል የሚመለስ ነው። በዚህ ምክንያት አሠልጣኙ ጽንሰ ሐሳቡን ለማብራራት ፋታ አያገኝም፤ የማብራራቱን ሥራ የሚሠራለት ስያሜው ራሱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ስያሜዎች መመርመርና የትኞቹ እንደሚጎዱ ማመልከት ነው።

በእንዲህ ያሉ ሥልጠናዎች ላይ ዘወትር የሚቀርበው ነቀፋ የቋንቋ መቀላቀል ነው። «ዳውንሎድ አድርጉት፤ ከዚያ ሴቭ አድርጉት» የሚለውን አነጋገር ያልሰማ የለም። ነቀፋው መሠረት የለውም አይባልም። «አውርድ»፣ «አስቀምጥ»፣ «ለጥፍ»፣ «ሰርዝ» የተባሉት ግሦች በአማርኛ በተዘጋጁ የኮምፒዩተር ገጾች ላይ ሲሠራባቸው ቆይተዋል። «ቅዳ» የሚለውም ቢሆን አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ መጽሐፍ በእጅ ይገለበጥ በነበረበት ዘመንም «ቅጂ» ይባል ነበርና። ይሁንና የተውሶ ቃል ባዕድነቱ በግልጽ ስለሚታይ ማንንም አያሳስትም። «ፋይል» «ፋይሎች»፣ «ፋይሉን» እየተባለ በአማርኛ ሥርዐት ይረባል፤ ትርጉሙም አይዛባም።

ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ዐይነት ስያሜ ነው። ይኸውም ቃሉ አማርኛ፣ ሐሳቡ ግን የሌላ አገር የሆነው ነው። ዋናው ምሳሌ «የመጨረሻ ስም» ነው። የዋቢ ማደራጃ መሣሪያዎች የደራሲውን ስም በሁለት ሣጥን ከፍለው ይጠይቃሉ፤ አሠልጣኙም አንደኛውን «የመጀመሪያ ስም»፣ ሁለተኛውን «የመጨረሻ ስም» ብሎ ይተረጉማል። ትርጉሙ ቃል በቃል ትክክል ነው፤ ጽንሰ ሐሳቡ ግን በእኛ ዘንድ የለም። በአገራችን ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ተከትሎ የሚመጣው የአባቱ፣ ከዚያም የአያቱ ስም ነው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ስለዚህ «የመጨረሻ ስም» ሲባል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይጽፋል፤ አንድ ደራሲም በመዝገብ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል።

ለማስረጃ ያህል የመዝገበ ቃላት ሊቃውንታችንን እንመልከት። ደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የተባለውን ሥራቸውን ያሳተሙት በ1962 ዓ.ም. ነው። መሣሪያው ከስሙ የመጨረሻውን ቃል ለይቶ ሲወስድ ደራሲው «ወልድ» ይሆናሉ። «ተክለ» ግን ተናባቢ ነው፤ ያለ ዘርፉ አይቆምም። ስሙ ሲቆረጥ ከሁለቱ አንዱም ስም ሆኖ አይቀርም። መምህራቸው ኪዳነ ወልድ ክፍሌም በአባታቸው ስም «ክፍሌ» ተብለው ይመዘገባሉ፤ በዚህ ስም የሚያውቃቸው አንባቢ ግን የለም። ስሕተቱ በዚህ አያበቃም። 1962 ተብሎ ያለ ምልክት የተጻፈው ቁጥር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ስለሚቈጠር፣ በእ.ኤ.አ. 1969/70 የታተመው መጽሐፍ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል።

ይህ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ጭንቀት ብቻ ነው የሚል ቢኖር ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ እንውሰደው። በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዳባት ወረዳ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለው። በእንዲህ ያለ ጥናት ጥያቄው በአማርኛ ይጠየቃል፤ ውጤቱ በእንግሊዝኛ ይታተማል። እናት ልጇ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደ ተወለደ ብትናገር በአውሮፓውያን አቈጣጠር 2022 ነው። ጠያቂው «8 መደመር ነው» ብሎ 2023 ቢጽፍ፣ ልጁ በመዝገብ ላይ በአንድ ዓመት ያንሳል። መቀንጨር የሚለካው ቁመትን ከዕድሜ ጋር በማነጻጸር ስለሆነ የቀነጨረው ልጅ ጤነኛ ሆኖ ሊቈጠር ይችላል። በቅጹ ላይ «የትውልድ ዓመት» የሚለው ስያሜ ግን የማን አቈጣጠር እንደሆነ አይናገርም።

ስለዚህ የሚከተለው ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛ፣ «የመጨረሻ ስም» ቀርቶ «የግል ስም»፣ «የአባት ስም»፣ «የአያት ስም» ይባል፤ ለውጭ አገር ደራስያን «የቤተሰብ ስም» ይበቃል። ዞቴሮን የመሰሉ መሣሪያዎች ስምን በአንድ ሣጥን ሙሉውን መጻፍ ስለሚፈቅዱ፣ የኢትዮጵያውያን ስም ሳይከፈል እንዲገባ በሥልጠናው ይነገር። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ዓመት «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ሳይኖረው አይጻፍ።

የውጭ መጽሔቶች የቤተሰብ ስም ያስገድዳሉ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እውነት ነው። ያን ጊዜ ደራሲው አንዱን አጻጻፍ መርጦ በሁሉም ሥራው ይጽና። ይህ ግን ለሌላው ሥርዐት ሲባል የሚደረግ ስምምነት መሆኑ ታውቆ እንጂ የስማችን ባሕርይ ነው ተብሎ መሆን የለበትም።

የሙያ ቃላት አዘጋጆችም ድካማቸውን ለዕቃዎች ስም ከማውጣት ይልቅ በቅጾች ላይ ላሉት ሣጥኖች ስያሜ ቢያውሉት ይበጃል። ለመሣሪያው ስም ባይገኝለት ሥራው አይቆምም፤ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቃል ሲሳሳት ግን ሥራው ሳይቆም ስሕተቱን ይዞ ይቀጥላል። በጎንደር የቅኔ ቤቶች ተማሪው ቅኔ ከመቀኘቱ አስቀድሞ ግስና አገባብ ይማራል። የምሳ ሰዓቱ ሠልጣኝም ቁልፉን ከመጫኑ በፊት በሣጥኑ ላይ ያለውን ቃል ምንነት መጠየቅ ይገባዋል።