ምሥጢር የተነገረው ሰው፦ ስለ ትራንስጀንደር ልጃገረዶች የሚተርኩ የወጣቶች ልቦለዶች ለምን ይወደዳሉ?

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ርእስ በአብያተ ክርስቲያናችን ሲነሣ ወዲያው ወደ ክርክር የሚያመራ ነው። እኛ ግን በሥነ ጽሑፍ ሒስ በር እንግባበት። ባለፉት ሃያ ዓመታት በአሜሪካ ለልጆችና ለወጣቶች ከሚታተሙ ልቦለዶች መካከል ስለ ትራንስጀንደር ልጃገረዶች፣ ማለትም ሲወለዱ ወንድ ተብለው ስለ ተመዘገቡና ራሳቸውን ግን እንደ ሴት ስለሚያውቁ ልጆች፣ የሚተርኩት ሰፊ አንባቢ አግኝተዋል። እርስዎ አላነበቧቸው ይሆናል። በአሜሪካ ባሉ የኢትዮጵያውያን ጉባኤዎች የሚያድጉ ልጆች ግን በትምህርት ቤታቸው ወይም በከተማቸው ቤተ መጻሕፍት ሊያገኟቸው ይችላሉ። ስለዚህ አንባቢው ለምን እንደሚወዳቸው ማወቅ ለአገልጋይ ትርፍ ነገር አይደለም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። ገጸ ባሕርያቱን ልቦለዶቹ በሚጠሯቸው ስምና ጾታ እጠራቸዋለሁ። ሐያሲ መጽሐፍን ከመመዘኑ በፊት በመጽሐፉ ቋንቋ ሊሰማው ይገባልና።

ቀላሉ መልስ «የዘመኑ መንፈስ ነው» የሚለው ነው። ይህ መልስ ግን አንባቢው አንዱን መጽሐፍ ደጋግሞ አንብቦ ሌላውን በሠላሳኛው ገጽ ላይ ለምን እንደሚጥለው አያስረዳም። ስብከት ብቻ የሆነ ልቦለድ፣ ስብከቱ የእኛም ይሁን የሌሎች፣ አይወደድም። የሚወደድበትን ምክንያት ከታሪኩ አሠራር ውስጥ መፈለግ አለብን። ሦስት መጻሕፍትን እንመልከት።

የመጀመሪያው ጁሊ አን ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት «ሉና» ነው። በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር። ታሪኩን የምትነግረን ሉና ራሷ አይደለችም፤ እኅቷ ሬገን ናት። ቀን ቀን ሊያም ተብላ የምትኖረው ልጅ ሌሊት ሌሊት በእኅቷ ፊት ሉና ትሆናለች። ሬገን እንቅልፏንና የራሷን ወጣትነት ከፍላ ምሥጢሩን ትሸከማለች። ደራሲዋ እኛን ያስቀመጡን በምሥጢር ጠባቂዋ ቦታ ነው።

ሁለተኛው አሌክስ ጂኖ በ2015 ያሳተሙት «ጆርጅ» ሲሆን በ2022 «ሜሊሳ» በሚል ርእስ እንደ ገና ወጥቷል። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ በ2018፣ በ2019 እና በ2020 እጅግ ብዙ ተቃውሞ የቀረበበት መጽሐፍ ይኸው ነበር። ታሪኩ ግን ትንሽ ነው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ በትምህርት ቤት ድራማ ላይ ሻርሎት የተባለችውን ሸረሪት ሆና መጫወት ትፈልጋለች፤ አስተማሪዋ አትፈቅድም፤ ጓደኛዋ ኬሊ የደረሳትን ድርሻ ለአንድ ትርኢት በምሥጢር ትለቅላታለች። የመጽሐፉ ብልሃት በሰዋስው ላይ ነው። ቤተሰቡም ትምህርት ቤቱም «እርሱ» እያሉ ሲጠሯት ተራኪው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «እርሷ» ይላል። አንባቢው እናትየዋ ከማወቋ በፊት ያውቃል። ካወቀ በኋላ ደግሞ «እናቷ መቼ ታይ ይሆን?» እያለ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ሜሬዲት ሩሶ በ2016 ያሳተሙት ልቦለድ ነው፤ ርእሱ በአማርኛ «የአንተ ልጅ ብሆን» እንደ ማለት ይሆናል። የ18 ዓመቷ አማንዳ ራሷን ለማጥፋት ሞክራ ተርፋለች፤ ተደብድባም ታውቃለች። በቴነሲ ወደሚኖረው አባቷ ሄዳ ማንም በማያውቃት ከተማ እንደ ማንኛዋም ልጃገረድ ትኖራለች። ጓደኞች ታገኛለች፤ ፍቅርም ይይዛታል። ሕይወቷን የሚያናጋው ቢ የተባለችው ጓደኛዋ ናት። በአደራ የተነገራትን ነገር በትምህርት ቤቱ ጭፈራ ምሽት በሕዝብ ፊት ታወጣዋለች።

አሁን ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ልባችንን የሚያንጠለጥለው «ይህች ልጅ ምን ትሆናለች?» የሚለው ጥያቄ ብቻ አይደለም። «የሰማው ሰው ምን ያደርጋል?» የሚለው ይበልጣል። እኅት ትሸከማለች፣ ጓደኛ ቦታዋን ትለቅቃለች፣ ሌላዋ ጓደኛ ትከዳለች፣ አባት ቀስ እያለ ይማራል። የእነዚህ ታሪኮች ፈተና የወደቀው በሰሚው ላይ ነው። የሚወደዱበት ዋና ምክንያት፣ በእኔ አስተያየት፣ እዚህ ላይ ነው። ከአንባቢዎቻቸው መካከል ትራንስጀንደር ያልሆኑ ብዙ ናቸው፤ ሩሶ ራሳቸው በመጽሐፋቸው መጨረሻ ለእነዚህ አንባቢዎች ለብቻ ማስታወሻ ጽፈውላቸዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ወጣት የሚደብቀው ነገር አለው፦ የአባት ስካር፣ የደረሰበት ጥቃት፣ ለመጸለይ ያቃተው ልብ። ብነግራቸው ይወዱኝ ይሆን የሚለውን ጥያቄ ተሸክሞ ሲያነብ በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ የራሱን ያገኘዋል።

ሒስ ግን ፍቅሩን ከማስረዳት አልፎ ሥራውንም መመዘን አለበት። ሩሶ በዚያው ማስታወሻ አማንዳን ለአንባቢ እንድትቀል አድርገው እንደ ቀረጿት በግልጽ ይናገራሉ። መልኳ ጥርጣሬ አያስነሣም፤ ሕክምናዋ ገና በወጣትነቷ ተፈጽሟል። ሐቀኝነታቸው ያስመሰግናል፤ ነገር ግን አንባቢው የወደደው ሰውን ነው ወይስ እንዲወደድ የተስተካከለ ሰውን? እንግዳ ሆና በምትቀር፣ ለዓይን በማትመች ልጅ ላይ ፍቅሩ ይጸና ነበርን? ይህ ጥያቄ ለልቦለዶቹ ብቻ አይደለም፤ የምስክርነት ታሪክን አስውበን ማቅረብ ለምንወድ ለእኛም ነው።

ከዚህ የጠለቀው ልዩነት በነገረ ሰብእ ላይ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ስም ከውስጥ ይወጣል፤ የማኅበረሰቡ ድርሻም ያንን ስም ማጽደቅ ነው። በቅዱሳት መጻሕፍት አብራም፣ ያዕቆብና ስምዖን አዲሱን ስማቸውን ከጠሪው ይቀበላሉ። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሰውነትም ማንነትም ከፈጣሪ የተሰጡ ናቸው ብለው ያስተምራሉ። ይህን ልዩነት መሸፋፈን ለማንም አይጠቅምም፤ ወጣቶቹም ሽፍንፍን ሲሆን ያውቃሉ።

ሆኖም ዘፍጥረት 16ን እንደ ገና ያንብቡ። አብራምና ሦራ ስለ አጋር ሲነጋገሩ «አገልጋይ» ይሏታል እንጂ በስሟ ሲጠሯት አንሰማም። በምዕራፉ ውስጥ በስሟ ጠርቶ የሚያናግራት የመጀመሪያው በምድረ በዳ ያገኛት የእግዚአብሔር መልአክ ነው። ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊትም ከወዴት እንደ መጣችና ወዴት እንደምትሄድ ይጠይቃታል። ትእዛዙ ከባድ ነበር፤ የመጣው ግን ከጥያቄው በኋላ ነው። አጋርም እግዚአብሔርን የሚያየኝ አምላክ አለችው። እነዚህ ልቦለዶች የሚነኩት ጥማት ይኸው መታየት ነው። መልሳቸውን ባንቀበል እንኳ ጥማቱን መናቅ አንችልም።

ስለዚህ አንድ ወጣት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዞ ቢመጣ መጽሐፉን ከእጁ ከመቀበልዎ በፊት የትኛውን ገጽ ደጋግሞ እንዳነበበ ይጠይቁት። ከዚያም ራስዎ ያንብቡት። መልሱ ከእርስዎ ጋር ይቅር፤ ለጸሎት ቡድን በርእስነት አይቅረብ፣ በእሑድ ስብከት ላይ ስሙ ሳይጠራም ቢሆን ምሳሌ አይሁን። በእርግጥ ልጁ በራሱ ላይ ጉዳት ለማድረስ ማሰቡን ወይም ሌላ ሰው እየጎዳው መሆኑን ከነገረዎ ብቻውን አይተዉት፤ ለሕይወቱ የሚደርስለትን ሰው አብራችሁ ፈልጉ። ከዚህ ውጭ ግን አደራ አደራ ነው። ወጣቱ ከኬሊና ከቢ ጋር ሰንብቶ ስለ መጣ፣ በፊቱ የተቀመጡት አገልጋይ ማንኛዋን እንደሚመስሉ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።