የታብሌት ልባስና የሠዓሊው ስም

በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ላይ ላዩን ለሚያየው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ይኸውም በታብሌት ኮምፒዩተር ጀርባ ላይ የሚለጠፈው፥ ሥዕል የታተመበት ስስ የፕላስቲክ ልባስ ነው። የመጀመሪያው አይፓድ በ2002 ዓ. ም. ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ይህ ልባስ በውጭ አገር ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል፤ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ እንደ ተቋቋመው እንደ ጌላስኪንስ ያሉ ድርጅቶች የዘመኑን ሠዓሊዎችም ሆነ እንደ ጃፓናዊው ሆኩሳይ ያሉትን የቀድሞ ሰዎች ሥራ በመሣሪያው ልክ ቆርጠው ይሸጣሉ። በእኛም አገር ተማሪው «ስቲከር» እያለ ይገዛዋል። እንግዲህ ሥዕል ነውና እንደ ሥዕል፥ መጠበቂያም ነውና እንደ መጠበቂያ ሊመዘን ይገባዋል እንላለን።

ጥያቄውን ያነሣብን ሬኮ ነው። ሬኮ በጌዴኦ፥ በቆጨሬ በኩል፥ በቡናው ስሙ የታወቀ ስፍራ ነው። ከመካከላችን አንዱ በቡና ለቀማ ወራት ታብሌቱን ይዞ ወደዚያ ወርዶ ነበር። በታብሌቱ ጀርባ ላይ ጀበና የያዘች ሴት ሥዕል ተለጥፎበታል። ቀይ አፈር፥ የቡና እሸት ሲለቅም የዋለ እርጥብ እጅ፥ ድንገት የሚወርድ ዝናብ ተባብረው በሳምንት ጊዜ ውስጥ የልባሱን ማዕዘኖች አነሡት። ሲመለስ ሥዕሉን ማን እንደ ሣለው ጠየቅነው፤ አላወቀም። ልባሱንም ገልብጠን አየን፤ የማንም ስም አልነበረበትም።

በመጀመሪያ ስለ ጥበቃው እንናገር። ስስ ልባስ መሣሪያውን ከመጫር ያድነዋል፤ ከመውደቅና ከውሃ ግን አያድነውም። ይህን ሳይናገር «መጠበቂያ» እያለ የሚሸጥ ነጋዴ ቃሉን ያለ ቦታው ተጠቅሞበታል። በአገራችን የመጠበቅ ጥበብ አዲስ አይደለም። የብራና መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ተጠርዞ፥ ገበታው ቆዳ ለብሶ፥ ቆዳውም በጋለ ብረት ተደጉሶ፥ በመጨረሻ ማኅደር ውስጥ ይገባል፤ ማኅደሩም በጠፍሩ ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በጌዴኦም ምድር የእንሰት ቅጠል ቆጮው የሚብላላበትን ጉድጓድ ያለብሳል፥ ምግብንም ይጠቀልላል። እነዚህ ሁለቱ ልባሶች የሚጠብቁትን ነገር ጠባይ ዐውቀው የተሠሩ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ሥዕሉ ነው። የመጽሐፍ ደጓሽ መስቀሉን በገበታው መካከል ሲያሳርፍና ዳር ዳሩን በሐረግ ሲከብበው የገበታውን ልክ አስቀድሞ ያውቃል። ከላይ ባነሣነው ልባስ ላይ ግን የካሜራው ቀዳዳ በሴትዮዋ ግንባር ላይ ወድቋል፤ ጀበናውም በጠርዙ ተቆርጦ አንገቱ ብቻ ቀርቷል። ይህም ሥዕሉ ለሌላ ነገር ተሥሎ ኋላ በመቀስ ለታብሌቱ የተመጠነ መሆኑን ያስረዳል። ጉድለቱ የጀበናው አይደለም፤ ጀበና ስንት ጊዜ ቢሣል አይሰለችም። ጉድለቱ ሠሪው ቀዳዳውንና ጠርዙን እንደ ሥዕሉ አካል አለመቁጠሩ ነው።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «በጀበና ፈንታ የጌዴኦን ትክል ድንጋይ እናትም» ይላሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ. ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ስለ ሰፈረ ሐሳቡ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ በቱቱ ፈላ የቆሙት፥ የሰው ገጽ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ከመቃብር ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ቁፋሮ አሳይቷል። የመቃብር ምልክት በካፌ ጠረጴዛ ላይ ቡና እየፈሰሰበት ቢውል ተገቢ ነውን? እኛ ፈጽሞ አይሣል አንልም፤ ነገር ግን አሳታሚው አስቀድሞ የሶንጎውን ሽማግሌዎች ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን።

«ይህ ሁሉ ለአንድ ስቲከር ነውን? ተማሪው ደስ ያለውን ይለጥፍ» የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። ግማሹን እንቀበለዋለን። በ2004 ዓ. ም. አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፥ ማንበብ ላልተማሩ ሕፃናት አስተማሪ ሳይመድብ ታብሌት ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ ኃላፊዎች እንደ ተናገሩት፥ የገጹ መልክ እንዳይለወጥ የተደረገውን መቆለፊያ ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ አልፈው የእያንዳንዱ ታብሌት ገጽ ከሌላው የተለየ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መሣሪያን የራስ የማድረግ ፍላጎት ከውጭ የመጣ ፋሽን ብቻ አይደለም። ነገር ግን እነዚያ ልጆች መልኩን የለወጡት በገዛ እጃቸው ነው፤ የእኛ ተማሪ ግን ከተደረደረው መካከል አንዱን መርጦ «የራሴ» ይላል።

ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል። ከመርካቶ የተገኘውን የተጣለ የኮምፒዩተር ሰሌዳና ሽቦ እየሸረበና እየገጣጠመ ትልልቅ ሥዕሎች ይሠራል። ልባስ የመሣሪያውን መልክ ሲሸፍን እርሱ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ያሳያል። እኛ ሁሉም እንዲህ ያድርግ አንልም፤ መሣሪያውን ከውስጥ ያስተዋለ ሠዓሊ ግን ለልባሱም ከሌላው የተሻለ እንደሚሥል አንጠራጠርም።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ስም ነው። ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለጌዴኦ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። የኢትዮጵያ መንግሥት ከ1997 ዓ. ም. ጀምሮ ይርጋጨፌ፥ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ ተከራክሮ፥ በ1999 ዓ. ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። የሬኮም ቡና ባሕር ተሻግሮ የሚሸጠው በስሙ ነው። ታዲያ ቡናው በስሙ እየተሸጠ የቡናውን ጀበና የሣለው ሰው ስለ ምን ስም ያጣል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሠዓሊው የሥራው አመንጪ ተብሎ እንዲታወቅ መብት ይሰጠዋል፤ የሥራው ጥቅምም በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት የእርሱና የወራሾቹ ነው። ሕጉ ስለ ሸራና ስለ ስቲከር ልዩነት አላደረገም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ያየነው ልባስ እንደ መጠበቂያ ደካማ፥ እንደ ሥዕል ልኩን ያልጠበቀ፥ እንደ ንግድም የባለሙያውን ድርሻ የዘነጋ ነው። መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። በዲላና በአካባቢዋ ሥዕል የሚሥሉ ወጣቶች አሉ፤ ቆርጦ የሚያትምም አለ። ሠዓሊው ከቀዳዳው ጀምሮ ለታብሌቱ ልክ ይሣል፤ ስሙ በጠርዙ ላይ በትንሽ ፊደል ይጻፍ፤ ከዋጋውም ድርሻው ይሰጠው። እኛ ተማሪዎችም ከመግዛታችን በፊት «ይህን ማን ሣለው?» ብለን እንጠይቅ። ባለታብሌቱ ጓደኛችን የተነሣውን ልባስ ልጦ ጥሎታል፤ አሁን ጀርባው ባዶ ነው፤ ስም ያለው ሥዕል እስኪያገኝም ባዶውን ቢቆይ እንደሚመርጥ ነግሮናል።