ከመንቀል በፊት መጠየቅ

ዋይፋይ ሲያስቸግር አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ራውተሩን ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው። ብዙ ጊዜም ለጥቂት ሰዓት ይሠራለታል። እኔ ግን ደንበኞቼን የምለምነው እስክደርስ ምንም ነገር እንዳይነቅሉ ነው። ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ችግሩ ለጊዜው ዘወር ይላል፤ ምልክቱም አብሮት ይጠፋል። ምልክት የሌለው ብልሽት ደግሞ ባለሙያውን ወደ ግምት ይወስደዋል። በግምት ደህና ራውተር ይጣላል፣ አዲስ ይገዛል፣ ችግሩ ግን እዚያው ነው።

አንድ ዕቃ የቤቱን ኔትወርክ በሙሉ ሲያውክ ከየትኛውም መሣሪያ ይልቅ የሚረዳኝ ጥያቄ ነው። ኢንተርኔት የሚያጣው ማን ነው? የማያጣውስ? ከመቼ ጀምሮ? በዚያ ሰሞን ቤቱ ውስጥ ምን ገባ?

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ግቢ ቤተሰብ ጠርቶኝ ነበር። ስልኮቹ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ሁሉም ጥፋቱን ለመስመሩ ሰጥቶት ነበር። የቤቱ እመቤት ብቻ ሌላ ነገር አስተውለዋል። «ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ እኮ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ነው የሚውለው፤ ልጆቹ ማታ ከሥራ ሲገቡ ነው ስልካቸው እምቢ የሚለው» አሉኝ።

ይህ ወሬ ከማንኛውም መለኪያ ይበልጣል። መስመሩ ተቋርጦ ቢሆን ቴሌቪዥኑም ይቆም ነበር። ቤት የዋለው እየሠራ ከውጭ የገባው ብቻ የሚያጣ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የአድራሻ አሰጣጡን ነው።

ማንኛውም ስልክ ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ አድራሻ ይጠይቃል። ጥያቄውን የሚያሰማው ኔትወርኩ ላይ ላለው ሁሉ ነው፤ አድራሻ የሚያድለው ዕቃ ይመልስለታል። ይህ አሠራር ዲኤችሲፒ ይባላል። እስከ ዛሬ የምንሠራበት ደንብ የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ችግሩ ስልኩ የመለሰለትን ማንነት አለማጣራቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰውን ይቀበላል። ሁለት ቀበሌዎች ለአንድ መንደር የየራሳቸውን የቤት ቁጥር ቢሰጡ ምን እንደሚፈጠር ማሰብ ነው።

የሚሠራ ስልክና የማይሠራ ስልክ ተቀብዬ ጎን ለጎን አስቀመጥኩና የዋይፋይ ዝርዝራቸውን ከፈትኩ። የሚሠራው 192.168.1.14 ይላል፤ የማይሠራው 192.168.0.103። ልዩነቱ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ነው። የቤቱ ራውተር በ192.168.1 የሚጀምር እንጂ ሌላ አያድልም። እንግዲህ ግቢው ውስጥ ሌላ አዳይ አለ ማለት ነው። በማይሠራው ስልክ ብራውዘር ላይ 192.168.0.1 ብዬ ስጽፍ የሌላ ራውተር መግቢያ ገጽ ብቅ አለ።

«እናቴ፣ ሌላ ራውተር አላችሁ እንዴ?»

«ኧረ የለንም።»

ከራውተሩ ጀርባ የወጡትን ኬብሎች አንድ በአንድ ተከተልኩ። አንዱ በመስኮት ወጥቶ፣ ግድግዳውን ታክኮ ሰርቪስ ቤት ይገባል። እዚያ የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ሲግናል አልደርስ ቢለው አሮጌ ራውተር ተውሶ ሰክቷል። ፍላጎቱ ተገቢ ነው፤ ሲግናሉም በእርግጥ አይደርሰውም ነበር። ነገር ግን ኬብሉን የሰካው ዋን በሚባለው ቀዳዳ ሳይሆን ከላን ቀዳዳዎቹ በአንዱ ነው። ስለዚህ ያ አሮጌ ራውተር ለግቢው ሁሉ አድራሻ ማደል ጀመረ። ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣው የዋን ቀዳዳ ግን ባዶ ነው፤ የእሱን አድራሻ የያዘ ሁሉ መውጫ አጥቶ ይቀራል።

ቴሌቪዥኑ ለምን ተረፈ? አድራሻ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነው። የጊዜው ግማሽ ሲደርስ ዕቃው እድሳት ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም አድራሻውን የሰጠውን ራውተር ለይቶ ነው። ከቤት የማይወጣ ዕቃ ስለዚህ ከመጀመሪያው ራውተር ጋር እንደተስማማ ይኖራል። ወጥቶ የሚመለስ ስልክ ግን ጥያቄውን እንደገና ለሁሉም ያሰማል። መብራት ሄዶ ሲመጣማ ሁሉም ዕቃ ከዜሮ ይጀምራል፤ የትኛው ራውተር ቀድሞ እንደሚመልስ የሚያውቅ የለም። ቤተሰቡ «መብራት ሲመጣ ነው የሚብሰው» ያለው እውነቱን ነበር።

ልጁን ራውተሩን አላስነቀልኩትም። ዲኤችሲፒውን አጠፋሁ፤ ዋናው ራውተር 192.168.1.2ን ለማንም እንደማያድለው ካረጋገጥኩ በኋላ የአሮጌውን ራውተር የራሱን አድራሻ ወደዚያ ቀየርኩት፤ ኬብሉን ባለበት ተውኩት። ኬብሉን ወደ ዋን ቀዳዳ ማዛወርም ይቻል ነበር፤ ግን ያኔ ሰርቪስ ቤቱ ለብቻው የተለየ ኔትወርክ ይሆናል፣ ከዋናው ቤት ቴሌቪዥንና ፕሪንተር ጋርም እንደ ልብ አይተያይም። አንድ ቤተሰብ በአንድ ኔትወርክ ቢኖር እመርጣለሁ።

እርግጥ አዋኪው ሁልጊዜ አድራሻ የሚያድል ዕቃ አይደለም። ማይክሮዌቭ የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይም እዚያው ሰፈር ነው። ምግብ ሲሞቅ የሚቆራረጥና ሲያበቃ የሚመለስ ከሆነ፣ ስልኩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዛወር ነው። በጣም ዘገምተኛ የሆነ አሮጌ ዕቃም አለ፤ አንዱን መልእክት ለማድረስ አየሩን ረጅም ጊዜ ስለሚይዘው ፈጣኖቹ ወረፋ ይጠብቃሉ። እነዚህም የሚለዩት በዚያው ጥያቄ ነው፦ ማን ያጣል፣ መቼ ያጣል።

ባለሙያ ስትጠሩ «ተሠርቷል» በሚለው ብቻ አትሸኙት። የትኛው ዕቃ እንዳወከና ለምን እንዳወከ ይንገራችሁ። ሁለተኛ ራውተር ልትጨምሩ ካሰባችሁ ደግሞ ኬብሉን ከመሰካታችሁ በፊት የሁለተኛውን ዲኤችሲፒ አጥፉ።