ዕጣ ጣዩ ማነው?

ስለ ሎተሪ ሲነገር ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ማን ደረሰው?» ብሎ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ዕጣውን የጣለው ማነው፣ ከመጣሉ በፊትስ በማን እጅ ነበር የሚለው ነው። መለኪያችንንም ከጎጃም ገጠር እንወስዳለን።

በቆጋ አካባቢም ሆነ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ለበዓል ቅርጫ ሲገባ፣ በሬው ታርዶ ሥጋው በቅጠል ላይ በየመደቡ ይደለደላል። ከየብልቱ ለሁሉም እንዲደርስ ይደረጋል፤ ሆኖም የሰው እጅ ማበላለጡ ስለማይቀር የመጨረሻው ፍርድ ለዕጣ ይተዋል። ባለቅርጫዎቹም አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቅጠል እያደረገ ምልክቱን ይሰጣል። ከዚያም ምልክቱ የማን እንደ ሆነ ያላየ ሰው፣ ምናልባትም ልጅ፣ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያኖረዋል። ከዚህ ሥርዓት ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ገንዘብ ያዋጣው ሰው ሁሉ ይታወቃል፤ ያላዋጣ ምልክት አይጨምርም። ሁለተኛ፣ ዕጣ ጣዩ የማንን ዕጣ እንደ ያዘ አያውቅም። ሦስተኛ፣ ሁሉም ቆሞ ያያል።

በዚህ መለኪያ ሲመዘን የስፔን የገና ሎተሪ የሚመሰገን ነው። ይህ ሎተሪ እ.ኤ.አ. ከ1812 ጀምሮ ሲወጣ የኖረ ነው፤ ዛሬ 100,000 ቁጥሮች በትናንሽ የእንጨት ኳሶች ላይ ተጽፈው በአንድ ትልቅ ሽክርክሪት ውስጥ ይገባሉ። ከመግባታቸውም በፊት ለሕዝብ ስለሚታዩ፣ ቲኬት የገዛ ሰው ቁጥሩ መኖሩን በዓይኑ ሊያረጋግጥ ይችላል። የወጣውን ቁጥር በዜማ የሚያሰሙትም የሳን ኢልዴፎንሶ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የጎጃም ገበሬና የማድሪድ ከተማ ሳይመካከሩ ወደ ልጅ እጅ መሄዳቸው የሚያስደንቅ ነው። በአገራችንም በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሎተሪ ዕጣውን ሕዝብ በተገኘበት ማውጣትን ልማዱ አድርጎ ኖሯል።

ነገር ግን ማየት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ሦስት ቁጥር የሚወጣበት ሎተሪ በቴሌቪዥን እየታየ 666 ወጣ። በኋላ ሲመረመር ከ4 እና ከ6 በቀር ያሉት ኳሶች ቀለም ተጨምሮባቸው ከብደው ተገኙ። ሕዝቡ ዕጣው ሲወጣ አየ እንጂ ኳሶቹ የት እንዳደሩ አላየም።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ጠጠሩም ጣዩም አይታዩም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ተስፋ ያደረጉበት የዲቪ ዕጣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣ በኋላ፣ የተመረጡት አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የተመዘገቡ ሆነው ስለ ተገኙ ተሰርዞ እንደገና ወጥቷል። ያ የአሠራር ስሕተት ነበር። በአዲስ አበባ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ላይ የወጣው ዕጣ ግን ከዚህ የከፋ ነው። ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በመዝገቡ ውስጥ መግባታቸውን የከተማው አስተዳደር ራሱ አስታውቆ ውጤቱን ሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና አወጣው። መሰረዙ ሊመሰገን ይገባል። ይሁን እንጂ ከ1997 እና ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ተመዝግቦ ከደመወዙ እየቀነሰ ሲቆጥብ የኖረው ሰው ያጣው እምነት በሁለተኛው ዕጣ ብቻ አይመለስም። ጥፋቱ የተሠራው ከአዳራሹ በፊት ነውና፤ ይኸውም ያላዋጣ ሰው ጠጠሩን ጨመረ ማለት ነው።

ምናልባት «ቅርጫ የጥቂት ጎረቤቶች ጉዳይ ነው፤ ለብዙ ሺህ ሰው እንዴት ይሆናል?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል፣ ከተማ ግን አይተዋወቅም። ስለዚህ መተዋወቁ የሚሠራውን ሥራ ሌላ ነገር ሊሠራው ይገባል። የባለዕጣዎቹ ዝርዝር ዕጣው ከመውጣቱ አስቀድሞ ለሕዝብ ይገለጥ፤ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀውና ዕጣውን የሚያወጣው አንድ ክፍል አይሁን፤ ኮምፒዩተሩንም ከውጤቱ ጥቅም የሌለው ሦስተኛ ወገን ይመርምረው።

የደረሰው ሰው ስለ ዕጣው አይከራከርም። የዕጣ ትክክለኛነት የሚፈተነው ባልደረሰው ሰው ነው፤ እሱ «ዕድሌ ነው» ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ ከተመለሰ ዕጣው ዕጣ ነበር። «ማን አስገባቸው?» እያለ ከተመለሰ ግን የተጣለው ዕጣ ሳይሆን ፍርድ ነው፤ ያውም ፈራጁ ያልታወቀ።