የተፈጠሩ ቋንቋዎችና የገጸ ባሕርያት ስሞች ምንጭ፦ የቶልኪን ድርሰቶች ሲመረመሩ

ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር የነበረው ጄ. አር. አር. ቶልኪን፣ ታሪኮቹን የደረሰው ለፈጠራቸው ቋንቋዎች መኖሪያ የሚሆን ዓለም ለማበጀት እንደሆነ ይገልጽ ነበር። ከዚህም የተነሣ የገጸ ባሕርያቱ ስሞች ሁሉ ከእነዚሁ ቋንቋዎች እንደ ፈለቁ አድርጎ መቁጠር የተለመደ ሆኗል።

አባባሉ በከፊል ብቻ እውነት ነው። ኩዌንያ የፊንላንድን፣ ሲንዳሪን ደግሞ የዌልስን ቋንቋ ለዛ ተከትለው የተበጁ ሲሆኑ፣ ጋላድሪኤልን የመሰሉ ስሞች በእርግጥ ከዚያ የተገኙ ናቸው። ይሁን እንጂ በ1937 በታተመው «ሆቢት» ውስጥ የአብዛኞቹ ድንኮች ስም የተወሰደው «ቮሉስፓ» ከተሰኘው ጥንታዊ የኖርስ ግጥም ነው። ጋንዳልፍም ከዚያው የስም ዝርዝር የተገኘ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ረቂቅ የድንኮቹ አለቃ መጠሪያ ነበር፤ ለአስማተኛው የተሰጠው በኋላ ነው።

እንግዲህ በምናብ ዓለም የሚኖሩ ድንኮች የኖርስ ስም ከየት አመጡ? ደራሲው መልስ የሰጠው ዘግይቶ፣ በ1955 በታተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» የመጨረሻ ቅጽ አባሪ ላይ ነው። በዚያ መሠረት ድንኮቹ እውነተኛ ስማቸውን ለባዕድ አይገልጹም፤ የሚጠሩበት ስም የጎረቤቶቻቸው የሰሜን ሰዎች ሲሆን፣ መጽሐፉ ራሱ ትርጉም በመሆኑ ያ ቋንቋ በኖርስ ተተክቷል። ሳምዋይዝም በትክክለኛ ስሙ ባናዚር ነው፤ ሁለቱም «ግማሽ ብልህ» ማለት ናቸው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቋንቋው ስሙን አልወለደም፤ በውሰት የመጣው ስም ቋንቋውን አስፈጠረ እንጂ። ይህ ማስተባበያ ቢመስልም፣ የድርሰቱ ዓለም ጥልቀት ያገኘው በአብዛኛው ከእንዲህ ያለው ጥገና ነው።

ነገሩ ተርጓሚንና የሥነ ጽሑፍ መምህርን በቀጥታ ይመለከታል። ቶልኪን ለተርጓሚዎች ባዘጋጀውና በ1975 በታተመው መመሪያ፣ የትኞቹ ስሞች በፍቺያቸው እንዲተረጎሙ፣ የትኞቹስ እንዳሉ እንዲቀሩ ለይቷል። በአማርኛ ሁሉም በድምፃቸው ብቻ ከተጻፉ ልዩነቱ ይጠፋል። ከዚህም የባሰ አለ፤ ገብርኤልንና ሩፋኤልን ሲሰማ ያደገ ተማሪ ጋላድሪኤልን ሲያነብ የመልአክ ስም ያገኘ ይመስለዋል። የሲንዳሪኑ ስም ግን «አንጸባራቂ አክሊል የደፋች ልጃገረድ» የሚል ፍቺ ያለው ሲሆን፣ መድረሻው አምላክ ማለት ከሆነው የዕብራይስጥ «ኤል» ጋር አይዛመድም። መምህሩ ይህን ቀድሞ ካላስረዳ፣ ተማሪው በስሙ ላይ ተመሥርቶ ስለ ገጸ ባሕርይዋ የሚሰጠው ትንታኔ ከመነሻው የተሳሳተ ይሆናል።