መንዙማና የተቀባዩ ድርሻ

በደቡብ ወሎ፣ በሐርቡና በአካባቢዋ፣ መንዙማ ዐረብኛ ለማያነበው ምእመን በአማርኛ የሚደርስ ትምህርት ሆኖ ኖሯል፤ ሼኽ ጠልሃ ብን ጃዕፈር በዐጀም ፊደል የጻፏቸው ግጥሞች ለዚህ ምስክር ናቸው። በሐድራው መሪው ስንኙን ያወርዳል፤ ጀመዓው አዝማቹን ይቀበላል። በዚያች ፋታ መሪው ይተነፍሳል፤ አድማጩም የሰማውን ያሰላስላል።

ነቀፌታችን ይህችን ፋታ በሚያጠፉ የዛሬ ቅጂዎች ላይ ነው። የመሪው ድምፅ በማስተጋቢያ መሣሪያ እየተራዘመ የስንኙን መድረሻ ይሸፍናል፤ አዝማቹም በራሱ በመሪው ድምፅ ተደራርቦ ይቀረጻል። ድምፁ ያማረ ነው፤ ቃሉ ግን አይለይም።

የድቤውን ብይን ለፊቅህ ሊቃውንት እንተዋለን። የእኛ ሚዛን አንድ ነው፦ አድማጩ ስንኙን መልሶ መናገር ይችላልን? ካልቻለ፣ ዜማው ደርሶታል፤ ትምህርቱ አልደረሰውም። ስለዚህ መምህራን ለደረሳው አስቀድመው ቃሉን፣ ቀጥለው ዜማውን ያስይዙ።